ምሳር ወይስ ጣሪያ

ጄት ጀልባ ፕሮፔለር የለውም። ልጆቹን ይዞ ሊከራይ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያረጋግጠው ይህንን ነው። ‹‹ከኋላው የሚቆርጥ ነገር የለም አይደል?›› ይለኛል። የለም ስለው ፊቱ ይፈታል። እኔን የሚያሳስበኝ ያ የተፈታ ፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የምነግረውን ግማሹን አይሰማም።

የምሠራው ሌክ ሚድ ላይ ነው፤ ከላስ ቬጋስ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት። ሐይቁ የኮሎራዶ ወንዝ በሁቨር ግድብ ታግዶ የተኛበት ነው፤ ግድቡ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ዙሪያው ገላጣ ተራራ ሲሆን፣ ውኃው የሸሸበት ነጭ ምልክት በድንጋዩ ላይ ከሩቅ ይታያል። ሙቀቱ ሲበረታ ጀልባ አከራያለሁ፤ ሲበርድ ፓምፕ ፈትቼ እገጥማለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ታዳጊዎችን አስተምራለሁ። ሁለቱን ሥራዎቼን ያገናኛቸው አንድ ወንድማችን የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ማሽኑን ሳያውቁት አይገባምና ከማሽኑ ልጀምር።

በጄት ጀልባ ሆድ ላይ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ፣ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ አፍ አለ። ከአፉ ቀጥሎ ባለው ቱቦ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል ክንፋም ብረት ይሽከረከራል። ውኃውን ከታች ይምጋል፣ ከኋላ ባለው ጠባብ አፈሙዝ በኃይል ይተፋል፤ ጀልባዋ የምትሄደው በተተፋው ውኃ ግፊት ነው። የምትታጠፈውም አፈሙዙ ግራና ቀኝ ሲዞር ነው። ወደ ኋላ እንድትሄድ ሲፈለግ ባልዲ የምንለው ክዳን አፈሙዙ ላይ ይወርድና ውኃውን ወደ ፊት ይመልሰዋል።

እስከዚህ ማንም ይረዳዋል። የሚያስቸግረው የመቆሙ ነገር ነው። በአብዛኞቹ የመዝናኛ ጄት ጀልባዎች ላይ ፍሪሲዮን የለም፤ ሞተሩ ከተነሣ ኢምፔለሩ ይዞራል። ማርሹን ዜሮ ላይ ስናደርገው ባልዲው እስከ ግማሽ ወርዶ ውኃውን ከፊሉን ወደ ፊት፣ ከፊሉን ወደ ኋላ ይከፍለዋል። ሁለቱ ግፊቶች ይተካከላሉ፣ ጀልባዋም ባለችበት ትቆማለች። ነጂው ቆሜያለሁ፣ ምንም እያደረግሁ አይደለም ብሎ ያምናል። ከእግሩ በታች ግን ፓምፑ በሚኒሞ እየማገ ነው። መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ዜሮ ማርሽ ማለት ዕረፍት ማለት ነው ብሎ ስለሚያውቅ፣ ይህንን ሦስት ጊዜ ብነግረውም በጆሮው ያልፋል እንጂ በእጁ አይገባም።

አሠራሩን ለሰው ጥቅም ያበቃው ዊልያም ሃሚልተን የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነው፤ በግ አርቢም መሐንዲስም ነበር። የአገሩ ወንዞች ጥልቀት የሌላቸው፣ ድንጋያቸው የበዛ ነበሩና ፕሮፔለር ያለው ጀልባ አይደፍራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ችግሩን ፈታው። በ1960 የእርሱ ጀልባዎች ግራንድ ካንየንን ከታች ወደ ላይ፣ አረፋ የሚደፍቀውን ጅረት እየተቃወሙ ወጡት፤ ያ ውኃ ተንከባሎ የሚገባው ወደ እኛ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ለድንጋይ የተገኘው መላ ለገመድ በር ከፈተ። ፕሮፔለር የሚጎዳው የደረሰበትን ነው። የጄት አፍ ግን ያልደረሰበትንም ወደ ራሱ ይጠራል።

የመጎተቻ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ልጆች የሚቀመጡበት የተነፋ ቲዩብ የሚጎተትበት ከ15 እስከ 20 ሜትር ይረዝማል። ውጥር እስካለ ድረስ ለፓምፑ አያሰጋም፤ ጀልባዋ ከፊት፣ ልጁ ከኋላ፣ ገመዱ በመካከላቸው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዳር ቆመው የሚሳቀቁ እናቶች አደጋው ያለው እዚያ፣ ልጁ እየጮኸ በሚበርበት ጊዜ ይመስላቸዋል። ገመዱ የሚያሰጋው ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ይላላል፣ ውኃው ላይ ይጠማዘዛል፤ ነጂውም የወደቀውን ሊያነሣ ይመለሳል። ሲመለስ የገዛ ገመዱ ላይ ይመጣል፣ ወይም አጠገቡ ደርሶ በዜሮ ማርሽ ይቆምና እጁን ይዘረጋል። ፓምፑ ገመዱን የሚያገኘው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ሰው ለሌላው ሰው በሚጎነበስባት ቅጽበት። እኔ ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ ይከብደኛል።

ገመድ ብቻም አይደለም የሚሳበው። አምራቾቹ በጀልባው ላይ በሚለጥፉት ማስጠንቀቂያ ረጅም ፀጉር፣ የላላ ልብስና የላይፍ ጃኬት ማሰሪያ ወደ አፉ ሊገባ እንደሚችል ይጽፋሉ። ከማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ሹሩባቸው ወገባቸው የሚደርስ ሴቶች ናቸው። ሞተሩ እየሠራ በጀልባ ጀርባ መዋኘት ሌላም መዘዝ አለው፤ እዚያ የሚጠራቀመው ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ይዟል።

ባለፈው ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሐይቅ ወርደው ነበር። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አብሬ አልወጣሁም፤ ጀልባውንም የተከራዩት ከሌላ ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ በሌላ ጀልባ ተጎትታ እኛ ወደብ መጣች። ቁልፉን ከነማጥፊያ ክሩ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና በመረማመጃው ሥር ያለውን የማጽጃ ክዳን ከፍቼ፣ በደረቴ ተኝቼ፣ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። ሻፍቱ ላይ የተጠቀለለው ቢጫ ገመድ ገመድነቱ ቀርቷል። ሲፋተግ ግሎ፣ ቀልጦ፣ ዙሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጠንካራ ጓል ሆኗል። የላይኞቹን ዙሮች ጓደኛዬ ሻፍቱን ከሞተሩ በኩል በእጁ ወደ ኋላ እያዞረልኝ ፈታሁ። የታችኞቹን በቆልማማ ቢላ እየከተፍኩ፣ ጣት የማያህሉ ቁራጮች እያወጣሁ አመሸሁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እጄ ላይ አደረ።

ጀልባዋን ሲነዳ የነበረው ወንድማችን ከአጠገቤ አልራቀም። የጎረቤቱ ልጅ ከቲዩብ ወድቆ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ራሱን ወደ ጀልባዋ እየሳበ ነበር። እርሱም ልጁ እንዳይደክም ብሎ ፈጥኖ ተጠጋለትና ቆመ። ገመዱ ድንገት ከልጁ እጅ መሮጥ ጀመረ። ልጁ ለቀቀው፤ መዳፉ ተላጠ፣ ሞተሩ ተንቋቅቶ ጠፋ፣ በዚህ አለፈ። ገመዱ በእጁ አንጓ ላይ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ስለሌላ ነገር በጻፍኩ ነበር።

ሁሉም ሰው እንኳን ተረፈ ብሎታል። እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም ያሉትም አሉ። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ እኔም አመስግኛለሁ። እርሱ ግን የመጨረሻዋን ቁራጭ ሳወጣ ጠብቆ እንዲህ አለኝ፤ ‹‹ወንድሜ፣ ይሄ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? ንስሐ ልግባበት? ክፉ አላሰብኩም እኮ። ልጁን ላነሣው ነበር የሄድኩት።››

መልስ አልነበረኝም። ብጠይቅለት ፈቃዱ እንደሆነ ጠይቄው፣ ለቤተ ክርስቲያናችን አባት ነገሩን ነገርኳቸው።

አባ ነገሩን ሰምተው ወዲያው ወደ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ወሰዱኝ። እዚያ ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ። አንዱ ምሳሩን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ባልንጀራውን ይገድለዋል። ጠላትነት አልነበራቸውም። ሕጉ ይህን ሰው ሞት ይገባዋል አይለውም፤ ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲተርፍ መንገድ ያደርግለታል። ‹‹ልጄ፣ ወንድማችን እንደዚያ ነው። ምሳሩ ወለቀበት›› አሉኝ።

‹‹አባ፣ ሦስት ምዕራፍ ይለፉና ደግሞ 22ን ይዩልኝ›› አልኳቸው። እዚያ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። የዚያ አገር ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበርና ሰው ይወጣበታል፣ ይተኛበታል። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም። ምናልባት ሰው ሲወድቅ እርሱ ገበያ ነበር። በደሉ የተፈጸመው ከውድቀቱ በፊት፣ መከታ ሳያቆም ቤቱን ጨረስኩ ባለ ዕለት ነው።

አባ ዝም ብለው ቆዩና ‹‹ታዲያ የወንድማችን ገመድ የትኛው ነው? ምሳሩ ነው ወይስ ጣሪያው?›› አሉኝ።

ይህንን ጥያቄ ይዤ ነው ክረምቱን ሁሉ የሠራሁት። ሁለቱን ሕጎች የሚለያያቸው የሐሳብ ክፋት አይደለም፤ በሁለቱም ክፉ ያሰበ ሰው የለም። የሚለያያቸው አስቀድሞ መታየቱ ነው። የምሳር ብረት ይወልቃል ተብሎ ሥራ አይተውም፤ ሰው ግን ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ እንደሚወጣ፣ የወጣም ሊወድቅ እንደሚችል ቤት የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ምሳሩ እጀታው ላይ ሲነቃነቅ የነበረ ቢሆንስ? የሰውየው ቦታ ይለወጣል። በዚያው ምሳር ሁለት ሰዎች በተለያየ ሕግ ሊዳኙ ይችላሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያለው በምሳሩ ላይ ሳይሆን ሰዎቹ ባዩት ነገር ላይ ነው።

ከደንበኞቻችን አንድ አይሁዳዊ ጠበቃ አለ፤ ነገሩን ባጫውተው የአባቶቹ ሊቃውንት በዚህ ላይ ብዙ መከራከራቸውን ነገረኝ። በሁለት መቶ ዓመተ ምሕረት ገደማ በተጠናቀረው በሚሽና ውስጥ የገመድ ነገር ሳይቀር ተጠቅሷል። በርሜል ወደ ታች ሲያወርድ ወድቆበት ሰው የገደለ ወደ መማፀኛ ከተማ ይሰደዳል፤ በርሜል ወደ ላይ ሲስብ ገመዱ ተበጥሶ ሰው የገደለ ግን አይሰደድም። ማውረድ ወደ ታች የሚሄድ ሥራ ስለሆነ፣ የሚያወርድ ሰው ከበታቹ ያለውን ማሰብ አለበት ብዬ ተረዳሁት። ጠበቃው በዚህ ላይ ሌላ አስተያየት ነበረው፣ ግን አልተጣላንም። ያስደነቀኝ የጥንት ሰዎች ፍርዱን ከልብ ሐሳብ ብቻ ሳይፈልጉ እጅ ወዴት ሲሄድ እንደነበር መጠየቃቸው ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ሦስተኛ ሕግ አለ፤ ለእኔ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነው። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው። በሬው ከዚህ በፊት ይወጋ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ያው በሬ፣ ያው ቀንድ፤ በመካከል የገባው ‹‹ተነግሮታል›› የሚለው ብቻ ነው። እንግዲህ ነጋሪው እኔ ነኝ። ጠዋት ወደቡ ላይ ቁልፍ ሳስረክብ፣ ለዚያ ሰው ስለ ገመዱ ስነግረው ከማያውቅ ሰውነት አውጥቼ የበሬው ባለቤት አደርገዋለሁ። እስከዚያች ደቂቃ ምሳር የነበረው ጣሪያ ይሆንበታል። ሸክም ጫንኩበት ወይስ ጠቀምኩት? ለተወሰነ ጊዜ ይህ አሳስቦኝ ነበር። አሁን ሐሳቤ ተረጋግቷል፦ ሸክሙ ዱሮም ነበረ፤ ተሸካሚ ስላልነበረው ልጁ ላይ ወድቆ ነበር።

ነገር ግን መንገር የሚባለው ምንድን ነው? ወንድማችን ጀልባ ሲከራይ ብዙ ገጽ ወረቀት ፈርሟል። ማስጠንቀቂያው እዚያ ውስጥ ነበር፤ በኋላ አብረን አነበብነው። አከራዩ በሰው ሕግ ፊት ነጻ ነው። እኔ ግን ይህ መከታ ነው ብዬ አልቀበልም። ሰውን ከመውደቅ ያላዳነ፣ ከወደቀ በኋላ ባለቤቱን ከክስ የሚያድን ነገር መከታ አይባልም። ልጆች ጀልባው ላይ እየዘለሉ፣ ሚስት በረዶ የት ይሸጣል እያለች፣ ፀሐዩ እየጋለ አንድ አባት የሚፈርመውን አያነብም። ይህንን እያወቅሁ ‹‹ፈርሟል›› ብዬ ብተኛ፣ በሬው የእኔ ነው።

ስለዚህ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ገመዱን ከነጥቅሉ አውጥቼ ነጂው እጅ ላይ አኖረዋለሁ። ከዚያ ከልጆቹ ሁሉ ዕድሜው ከፍ ያለውን እጠራለሁ። በኔቫዳ ሕግ ሰው የሚጎትት ጀልባ ላይ ከነጂው ሌላ ወደ ኋላ የሚመለከት ሰው መኖር አለበት፤ ዕድሜውም ከ12 ዓመት ማነስ የለበትም። ለዚያ ልጅ የምነግረው አጭር ነው፤ የወደቀውን ሰው እይ፣ ገመዱንም እይ፤ ገመዱ ከላላ ጮኽ ብለህ ተናገርና ነጂው ሞተሩን ሲያጠፋ በእጅህ ሰብስበህ ጀልባው ውስጥ አስገባው። ሲነሡም ገመዱ እስኪወጠር በቀስታ ይሂዱ። ወደ ኋላ ማርሽ፣ ገመድ ውኃ ውስጥ እያለ፣ ፈጽሞ አይነካም። ሌላው ነገር ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ ብዬ አስደግመዋለሁ።

ለነጂው የምነግረው ደግሞ ከባድ ነገር አለው። ጄት ጀልባ ነዳጅ ካልሰጡት አይታጠፍም፤ መሪው የሚሠራው በሚተፋው ውኃ ነውና። ሞተሩን ካጠፋህ መምራት አትችልም። ካላጠፋህ ትምጋለህ። ስለዚህ የወደቀው ሰው ጋ ለመድረስ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተህ፣ አቅጣጫህን አስተካክለህ፣ ገና ሳትደርስ ማጥፋት አለብህ። የመጨረሻዋን ጥቂት ሜትር ያለ ኃይል፣ ውኃው እንዳደረሰህ ትሄዳለህ። ብትስት ዞረህ እንደገና ትሞክራለህ፤ ላይፍ ጃኬት የለበሰ ልጅ ትንሽ ይጠብቃል። ብዙ አባቶች ይህንን አይወዱም። ልጄ ውኃ ውስጥ ሆኖ እንዴት ሞተር አጠፋለሁ ይሉኛል። ኃይላቸውን ይዘው መቅረብ ይፈልጋሉ፤ መውደዳቸው እውነተኛ ስለሆነ ነው የሚቸኩሉት። ወንድማችንም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ወደ ልጁ የሮጠው ከደግነቱ ነው። በዚህ ላይ ደጋግሜ ካሰብኩ በኋላ፣ ደግ ሐሳብ ለሰው ለመቅረብ ምክንያት ይሆናል እንጂ የአቀራረቡን ጥፋት አያስቀርም የሚለውን ለመቀበል ተገድጃለሁ። የተቸገረን ዘመድ ልንረዳ ገብተን፣ በድምፃችን፣ በገንዘባችን፣ በምክራችን ብዛት ያለውን ጥቂት ነገር የምንነጥቀው እኛው ነን።

አንዲት የማከብራቸው እናት ይህንን ሁሉ ስናገር ሰምተው፣ ‹‹ልጄ፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እምነት ማነስ አይሆንም ወይ? ጠባቂው እርሱ ነው›› አሉኝ። ጥያቄያቸው ከልብ ነበርና በቀላሉ አላለፍኩትም። በዳዊት መዝሙር እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ እንደሚተጋ ተጽፏል፤ ጠባቂው ግን ይተኛ፣ ግንቡም ይፍረስ አልተባለም። ከዚህም የሚበልጥብኝ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ነው። ፈታኙ ጌታችንን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ መላእክት ይይዙሃልና ራስህን ወርውር ያለው በመዝሙር ቃል ነው። ያን ቃል ለመዝለል ማስረጃ ያደረገው ማን እንደሆነ ማስታወስ ይበቃኛል። መከታ የሌለው ጣሪያ ላይ እንግዳ አስቀምጦ መልአኩ ይይዘዋል ማለት የዚያው ፈተና ሌላ መልክ ነው፤ የሚብሰውም የሚወረወረው የሌላ ሰው ልጅ ስለሆነ ነው። እናታችን ይህን ሰምተው ‹‹እንግዲያስ የልጅ ልጆቼን ገመድ አንተው እይልኝ›› አሉኝ፤ እያየሁላቸውም ነው።

ወደ አባ የተመለስኩት ይህንን መልስ ይዤ ነው። ወንድማችን ማንም በእጁ አስይዞ ያላሳየው ሰው ነበርና በዚያ ቀን ምሳር ነው የወለቀበት አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የወጋውን በሬ ያውቀዋል፤ ሁለተኛ ምሳር የለውም። ከእርሱ ይልቅ የሚጠየቀው እያወቀ ወረቀት ብቻ ያስፈረመው ነው፤ እኔም በሙያዬ ከዚያ ወገን ስለሆንኩ ሥራዬን እንደ ጣሪያ ባለቤት እሠራለሁ። አባ በፍርዱ ተስማሙ፤ ግን ያልጠበቅሁትን ነገር ጨመሩ። ‹‹ምሳር ነው ብለህ ጨርሰሃል፤ ምሳር የወለቀበት ሰው ግን ቤቱ አይሄድም እኮ፤ ወደ መማፀኛ ከተማ ነው የሚሄደው›› አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 35 ሳያስብ የገደለ ሰው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያች ከተማ ይቀመጣል። ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ እንደ ማንም ሰው ወደ እርሻው የሚመለስም አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ ላይ ያለ ጥፋቱ ልጅ የገጨ የጭነት መኪና ሹፌርን አንሥቶ ተመሳሳይ ነገር አስተውሏል፤ ሹፌሩ የሚሰማው ኀዘን መንገድ ዳር ቆሞ ካየው ሰው ኀዘን የተለየ ነው፣ ቶሎ ‹‹የእኔ ጥፋት አይደለም›› ብሎ የሚገላገል ሹፌርም ያጠራጥረናል። ጸሎታችን ውስጥ በማወቅም ባለማወቅም ስለሠራነው ይቅርታ የምንለምነው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ባለማወቅ የተሠራ ነገር እንደ ወንጀል አይቆጠር ይሆናል፤ በእኔ እጅ ማለፉ ግን አይሰረዝም፣ ሰውም ይህንን የሚያኖርበት ቦታ ይፈልጋል።

እኛ ጋ ቦታው ጠፍቷል። ወንድማችንን ግማሹ ‹‹ምንም አይደል፣ ረስተው›› ይለዋል፤ ግማሹ በሌለበት ‹‹ያ ልጅ ሊገድል የነበረው›› ይለዋል። ሁለቱም ወደ ከተማው አያስገቡትም። ሕጉ እኮ ከተማውን መለየት ብቻ አይደለም ያዘዘው፤ የሚሸሸው ሰው እንዲደርስ መንገዱን አዘጋጁ ይላል። ጽዋ ማኅበራችን፣ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ይህንን መንገድ መሥራት አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ በገመድ ብቻ ሳይሆን መኪና ለገጨ፣ ሕፃን ስትጠብቅ ለወደቀባት፣ መድኃኒት ለተሳሳተባት ነርስ። የሚያስፈልገው ስብሰባና ቃለ ጉባኤ አይደለም። የሆነውን ሙሉውን የሚሰማው ሰው፣ ከዚያም ያንኑ ነገር የሚጠብቅበት ሥራ ነው።

ዘንድሮም ከፍልሰታ በፊት ልጆቹ ሐይቅ ይወርዳሉ። ወንድማችን ጀልባ ዳግመኛ አልነዳም ብሏል፤ አልጨቀጨቅሁትም። ከነጂው ጀርባ ቆሞ ገመዱን የሚያይ፣ የሚሰበስብ ሰው እንዲሆንልን ግን ለምኜዋለሁ፤ ከእርሱ የተሻለ ገመድ የሚያይ ዓይን በመካከላችን የለም። የልጁን ወላጆችም አማክሬያለሁ፤ እርሱ ካለ ልጃችንን እንልካለን አሉ። እርሱ እስካሁን እሺ አላለኝም። በቀደም ግን ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ ገዝቶ ያመጣውን አዲስ ገመድ አሳየኝ። ገመዱ የተሠራው አንድ ሰው ለሚይዝ ቲዩብ ነው፣ የእኛው ቲዩብ ሦስት ልጅ ይይዛል፤ ቅዳሜ አብረን ሄደን በወፍራሙ እንቀይረዋለን።